«ፒዛ ልጋግርልሽ፣ ቤት ነይ» ሲላት ስልኳን ለምን ዘጋችበት?

ዛሬ የምናወጋው ስለ ፒዛ ነው። «ደግሞ ፒዛ ምኑ ይጻፋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ሰሞኑን እጄ የገባ አንድ ደብዳቤ ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ።

ደብዳቤውን የጻፈው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሙንም ሰፈሩንም አልጠቅስም። በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ተቀጥሮ ይሠራል። ከአንዲት የ23 ዓመት ልጅ ጋር ከተዋወቁ ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ፒዛ ቤት እንሄዳለን» ይላል። «አንድ ሃፍ ሃፍ፣ ሁለት ለስላሳ፣ ከዚያ ማኪያቶ። ሒሳቡ ሲመጣ ልቤ ቀጥ ትላለች። ወሩ ሳይጋመስ ኪሴ ይደርቅና ከጓደኛዬ እበደራለሁ። ለሷ ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። በቀደም ዩቲዩብ ላይ የፒዛ አሠራር አየሁና ደስ አለኝ። ‹ለምን ቤት አትመጪም? እኔ ራሴ ፒዛ ልጋግርልሽ› አልኳት። ዝም አለች። በማግስቱ ስልኬን አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ‹እኔን እንደዚህ ነው እንዴ የምታየኝ?› የሚል መልእክት ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ምን አጠፋሁ? ፒዛ እኮ ነው ያልኳት!»

ይህን ደብዳቤ ቡና ስንጠጣ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ወንዶቹ በአንድ ድምፅ «ልጅቷ አበዛችው» አሉ። ሴቶቹ ደግሞ አንዲትም ሳትቀር «እኔም ብሆን አልሄድም» አሉ። ያው አንድ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጥን፣ አንድ ደብዳቤ የሰማን ሰዎች ነን። «ቤት ነይ» የምትለው ቃል ከወንዱ አፍ ስትወጣ ሌላ፣ ሴቷ ጆሮ ስትደርስ ሌላ ናት ማለት ነው።

ለልጁ መልስ ከመጻፌ በፊት የልጅቷንም መስማት ፈለግሁ። በአንድ የጋራ ጓደኛቸው በኩል «ፈቃደኛ ከሆነች ትደውልልኝ» ብዬ ላክሁባት። ደወለች። መጀመሪያ ላይ ቁጥብ ነበረች፤ ወሬ ወሬን ሲያነሳው ግን የልቧን ነገረችኝ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ነው» አለችኝ። «አንድ የማውቀው ልጅ ‹ልደቴ ነው፣ ጓደኞቻችን ሁሉ ይመጣሉ› ብሎ ጠራኝ። ኬክ ገዝቼ ሄድኩ። ስገባ ከሱ በቀር ማንም የለም። ‹እየመጡ ነው፣ መንገድ ላይ ናቸው› አለኝ። ቁጭ እንዳልኩ ተነሳና በሩን ቆለፈው። ‹ክፈትልኝ› አልኩት፣ ሳቀ። ጮህኩ። የግቢው አከራይ፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው በሩን ሲደበድቡት ከፈተው። ምንም ሳይደርስብኝ ወጣሁ። ኬኩ እዚያው ቀረ። ለእናቴም አልነገርኳት። ይሄኛው መጥፎ ልጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ‹ቤት ነይ› ሲለኝ የዚያ በር ቁልፍ ሲዞር ነው የሰማሁት።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን ይባላል? ልጁ ይህን አያውቅም። እሷም አልነገረችውም፤ የመንገር ግዴታም የለባትም። ስለዚህ «ማን ጥፋተኛ ነው?» ብሎ መሟገቱ አያዋጣም። ጥፋተኛው ያ በር የቆለፈው ነው። ለዚያ ዓይነቱ ሰው ደግሞ እኔ የምጽፍለት ምክር የለኝም፤ እሱን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይምከረው። አንቀጽ 620 ሴትን በኃይል ወይም በማስፈራራት አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሙከራውም ያስቀጣል። «ራሷ ፈቅዳ ቤቴ መጣች» የሚል መከላከያ እዚያ ውስጥ የለም።

ለደብዳቤው ባለቤት ግን የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ንገራት። ልጅቷ ከእኔ ጋር ስታወራ ምን አለች መሰለህ? «ሒሳብ ልክፈል ስለው ይቆጣል። እኔም እኮ ደመወዝ አለኝ» አለች። ስለ ብድሩ እኔ አልነገርኳትም፤ የኔ ምስጢር አይደለም። ግን አስበው፤ እሷ ልትከፍልልህ እየፈለገች፣ አንተ እየተበደርክ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ሁለታችሁም እየተጨነቃችሁ ነው ፒዛው የሚበላው። ሰባት ወር ሙሉ!

ሁለተኛው የአጠራር ነገር ነው። ሴት ልጅን ቤት መጥራት ነውር አይደለም። ነገር ግን ስትጠራት እንቢ ለማለት የምትችልበትን በር ክፍት አድርገህ ጥራት። ማን ማን እንደሚመጣ በስም ንገራት፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ የምር የሚመጡ ይሁኑ። «ጓደኛሽን ወይም እህትሽን ይዘሽ ነይ» በላት፤ ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአበባ ትበልጣለች። መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቅ። ለምሳሌ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ሊጥ ማቡካት፣ 12 ሰዓት ላይ መብላት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ። የታክሲ ሰልፉን ታውቁታላችሁ፤ «ማን ይሸኛታል?» የሚለው ጥያቄ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከጥሪው ጋር አብሮ ይመለስ። ተከራይ ከሆንክ አከራይህን ቀድመህ «ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ ፒዛ እንጋግራለን» በላቸው። አንድ ቁራሽም ላክላቸው። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ማንም ማንንም በክፉ አያይም። በሩ ደግሞ ገርበብ ይበል፤ ጭሱም ይወጣበታል።

«እኔ ከሷ ጋር ብቻዬን መሆን ነው የምፈልገው» የምትል ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን እሷ ናት የምትወስነው፣ በራሷ ጊዜ። ፒዛውን ማጥመጃ አታድርገው።

በሉ አሁን ወደ ማጀት እንግባ። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል?» የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ፤ እኔ ግን ከወንድ እጅ የበላሁት ጥሩ ምግብ ብዙ ስለሆነ አልከራከርም።

ፒዛ ለኛ ከተማ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ ሲቆይ ጥሎልን የሄደው ቃል ብዙ ነው። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው፤ መርካቶም ገበያ። እናቶቻችን «የፉርኖ ዱቄት» የሚሉት ፉርኖ በጣሊያንኛ ምድጃ ነው። ፓስታ ላይ የምናፈሰው ስልስም ያው «ሳልሳ» ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄዳችሁ የፉርኖ ዱቄትና የስልስ ቲማቲም ስትጠይቁ ግማሹን ጣሊያንኛ አውርታችኋል። የፒዛ አገር ናፖሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ጋጋሪ ለንግሥት ማርጌሪታ ቲማቲም፣ ሞዛሬላና በሶብላ መሰል ቅጠል አድርጎ ሠራላትና በስሟ ተጠራ ይባላል። ታሪኩን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ፤ ስሙ ግን ቀርቷል። የናፖሊ ጋጋሪዎች ሙያም እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

እነሱ የሚጋግሩበት የእንጨት ምድጃ ሙቀቱ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ውስጥ ይወጣል። የኛ ቤት ምድጃ ቢበዛ 250 ቢደርስ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ጭራሽ ኦቨን የለንም። እኔም የለኝም። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በመጥበሻ ነው። ወፍራም መጥበሻና የሚገጥም ክዳን ካላችሁ በቂ ነው። የእንጀራ ምጣድ ላይ እናድርገው የምትሉ፣ እናታችሁን አስፈቅዳችኋል? ስልስና ቺዝ የፈሰሰበት ምጣድ በማግስቱ እንጀራ ይይዛል። ቤት ውስጥ ጦርነት ማንሳት ከፈለጋችሁ እንጂ አልመክርም።

ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ሦስት መጥበሻ ፒዛ ይወጣዋል፤ ለስድስት ሰው ደህና እራት ነው። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ ጋዜጣው ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጥብኛል። ብቻ ውዱ ነገር ቺዙ ነው፤ ለሦስቱ 250 ግራም ይበቃል። አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ቺዝ፣ አንዱ ቲማቲምና ቃሪያ ይዞ ቢመጣ ማንም ልቡ ቀጥ ሳትል ይበላል።

እርሾው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ አሠራሮች ብዙ ጊዜ የተጻፉት ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡን ተጭኖ አይዘውም፤ በዚያው እርሾ ቶሎ ኩፍ ይላል። ቶሎ ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ ቶሎ ይወድቃል፣ ጣዕምም አያወጣም። ስለዚህ እዚያ «አንድ ሳሼ እርሾ» የሚል ካያችሁ ግማሹ ይበቃችኋል። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ እሱም የተላጨ። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሊጡ ይተኛል። ያኔ እርሾ አትጨምሩ፤ ሊጡን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡትና ጊዜ ስጡት።

ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ፤ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከግማሹ ትንሽ ከፍ ሲል ማለት ነው። ውሃው አንጓችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት መሞቁም መቀዝቀዙም የማይታወቃችሁ ይሁን። ትኩስ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበትና እርሾውን በትኑ። በ10 ደቂቃ ውስጥ አረፋ ካልሠራ እርሾው የሞተ ነው፤ ዱቄቱን ሳታበላሹ ሌላ ግዙ። ከሠራ ዱቄቱ ላይ አፍስሱት፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ።

ከዚያ ማሸት ነው። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ በሰዓት። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ «ዱቄት ጨምር፣ ዱቄት ጨምር» የሚል ሰው አጠገባችሁ አይጠፋም። አትስሙት! ዱቄት ባበዛችሁ ቁጥር ፒዛው ብስኩት ይሆናል። እያሻችሁት ስትሄዱ ራሱ ይለቃችኋል። የጆሮ ጫፋችሁን ያህል ሲለሰልስ ደርሷል። ዘይት በተቀባ ሳህን ከድናችሁ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀምጡት፤ እጥፍ ሲሆን ይበቃል። መብራት ቢጠፋስ? ሊጥ መብራት አይፈልግም። ጭራሽ የቸኮላችሁ ካልሆነ ሊጡን አርብ ማታ አቡክታችሁ ፍሪጅ ብታሳድሩት የቅዳሜው ፒዛ ጣዕሙ ይበልጣል፤ ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ጣዕም አለው። ይህን ለእንጀራ በላተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሊጡ ሲያርፍ ስልሱን ሥሩ። ግማሽ ኪሎ ቀይ ቲማቲም፣ የበሰለ፣ ለሰላጣ የሚሆነውን ጠንካራውን አይደለም። ፈቅፍቁት፤ ልጣጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት (ሦስት ራስ አላልኩም!) ዘይት ውስጥ ሽታው እስኪወጣ ብቻ አቁላሉ፤ ከጠቆረ ይመራል። ቲማቲሙን ጨምራችሁ በዝግታ አብስሉት። አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ቀለሙን ያሳምረዋል። ጨው፣ ቁንጥር ስኳር፣ ካገኛችሁ ኦሬጋኖ፤ ካላገኛችሁ የኛው ጦስኝ ወይም በሶብላ። ማንኪያውን ስታስኬዱበት የድስቱ ቂጥ እስኪታይ ድረስ ይወፍር። ቀጭን ስልስ የመጥበሻ ፒዛ ጠላት ነው፤ ሊጡን አርሶ ገንፎ ያደርገዋል። ቀይ ሽንኩርት አላስገባሁም፣ በርበሬም አላስገባሁም። የፓስታ ስልስ ከፒዛ ስልስ ይለያል፣ እባካችሁ።

ሊጡን ለሦስት ክፈሉት። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ነስንሱና አንዱን ዳምጡት። መዳመጫ ከሌለ የታጠበ ጠርሙስ ይሠራል። ስፋቱ የመጥበሻችሁን ያህል፣ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ። መጥበሻውን ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት በደንብ አግሉት። ሊጡን ጣል አድርጉ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ላዩ ላይ አረፋ አረፋ ይሠራል፤ ከሥር ቡናማ ነጠብጣብ ይይዛል። አሁን ገልብጡት! የመጥበሻ ፒዛ ምስጢሩ ይህቺ መገልበጥ ናት፤ የበሰለው ጎን ወደ ላይ ስለሚሆን ስልሱ አያርሰውም። እሳቱን ቀንሱ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ስልስ ቀቡ፣ የተፈቀፈቀ ቺዝ በትኑ፣ የፈለጋችሁትን ከላይ አድርጉና ክደኑት። ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። ቺዙ ሲቀልጥ አውጡ። ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ላብ ፒዛው ላይ እንዳይንጠባጠብ ክዳኑን ፈጠን አድርጋችሁ ወደ ጎን አንሱት።

ኦቨን ያላችሁ የበለጠ ይቀላችኋል። ትሪውን ውስጡ ጨምራችሁ በመጨረሻው ሙቀት ግማሽ ሰዓት አግሉት፤ ፒዛው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።

ቺዝ ሲባል ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮሎኔ ነው። «አይብስ?» ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። አይብ አይቀልጥም። አሬራው በሙቀት ተቆርጦ ስለሚሠራ እሳት ሲያገኝ ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። ነገር ግን ፒዛው ከወጣ በኋላ ከላይ ጣል ጣል ቢያደርጉት፣ ቃሪያ ከተከተፈበት... እኔ በበኩሌ ከሞዛሬላው አስበልጬ በልቼዋለሁ። ጣሊያን እንዳይሰማኝ።

ከላይ የሚደረገው ነገር ላይ ግን አስቡ። እኛ ስድስት ሆነን ስንቀመጥ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዷ ጿሚ፣ አንዱ «ጾም አልያዝኩም ግን አይተውኝ አልበላም» ነው። ሥጋ ካስገባችሁ «የማን ሥጋ ነው?» ይመጣል፤ ሞርታዴላ ከሆነ ደግሞ «ከምን ተሠራ?» ይመጣል። ስለዚህ እንግዳ ሲኖር ሥጋውን እርሱት። ቱና አለ፣ እንቁላል አለ፣ እንጉዳይ፣ ቃሪያ፣ ወይራ ፍሬ። ማንም አንገቱን ደፍቶ ዳቦ እየቆረሰ መቀመጥ የለበትም።

የጾም ፒዛን የሚያናንቁ ሰዎች አሉ። «ቺዝ የሌለው ፒዛ ምኑ ፒዛ ነው፣ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ!» ይላሉ። ይስሙኝ። ናፖሊ ውስጥ ከማርጌሪታ በፊት የነበረ፣ እስከ ዛሬም የሚበላ ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት። በቃ። ቺዝ የለበትም። ሮማዎች ደግሞ ድንች በስሱ ከትፈው ፒዛ ላይ ይጋግራሉ። ስለዚህ የረቡዕና የአርብ ፒዛችን ከጣሊያኑ ያላነሰ የዘር ሐረግ አለው። ለጾም ስልሱን ትንሽ አብዙት፤ ቀይ ሽንኩርት በቀጫጭኑ ቁረጡና ለብቻው በዘይት እስኪጣፍጥ አብስሉት፣ እንጉዳይ ጨምሩ፣ ሲወጣ አቮካዶ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ ከፒዛው በፊት እራታችን ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ፒዛው ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ እጃችን የሚሄደው ወደ ከሰል ነው። ከሰል ላይ ፒዛ ይበስላል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ግን ውጭ! በረንዳ ላይ፣ ግቢ ውስጥ። ስድስት ሰው በአንዲት ክፍል ተቀምጦ፣ ብርድ ነው ተብሎ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከሰሉ መሐል ቤት ከተቀመጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቤቱን ይሞላዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ድካምና እንቅልፍ። «ምግቡ ከበደኝ» ብሎ የተኛ ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል። ከሰሉ የከሰመ ቢመስልም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ከሰል እንዳለ ወደ ቤት አይግባ። ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው በሩን በርግዳችሁ ውጡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ቡታጋዝ የምትጠቀሙም መስኮታችሁን ከፈት አድርጉ።

ፒዛው አንድ በአንድ ስለሚወጣ «ሁሉም ይድረስና እንብላ» አትበሉ፤ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። ቆማችሁ፣ ምድጃው ዙሪያ፣ በእጃችሁ ብሉ። አንዱ ሲዳምጥ አንዱ ይፈቅፍቅ። ሚጥሚጣውና ካቻፑ ለየብቻ ይቅረብ፤ የሚፈልግ ይጨምር። ፊልም ለማየት ያሰባችሁ አትድከሙ፤ ሊጥ የያዘ ሰው ፊልም አያይም፣ ወሬ ነው የሚያወራው። ዕቃ የሚያጥበው ደግሞ ከመጀመሪያው ይታወቅ። ወንዶቹ ናችሁ። እስካሁን የታጠበላችሁን አስቡና ዝም ብላችሁ እጠቡ።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ላስረክብ ስል የደብዳቤው ባለቤት ደወለ። በጓደኛቸው በኩል ጥሪውን አስተካክሎ ልኮላት ኖሮ፣ ልጅቷ ከአክስቷ ልጅና ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር መጥታለች። እሱም ሁለት ጓደኞቹን ጠርቷል። አከራዩ እትዬ ደግሞ ያልተጠሩ እንግዳ ሆነው መጥተው መገልበጡን እሳቸው ናቸው ያስተማሩት፤ አምባሻ የጋገረ እጅ ያውቅበታል። የመጀመሪያው ፒዛ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ ካርታ መስሏል። ሁለተኛው ደህና፣ ሦስተኛው በጣም ጥሩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲል ልጅቷ ራሷ «ሰዓታችን ደርሷል» ብላ ተነስታለች፤ እስከ ታክሲው ሁሉም አብረው ሸኝተዋቸዋል።

«ስለ ብድሩስ ነገርካት?» አልኩት።

ዝም አለ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» አለ።

ከዚያ ወሬውን ለማስቀየር ይመስለኛል፣ «ግማሽ ፒዛ ተርፎኛል፣ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የምትጠይቁ ሌሎችም ስለማትጠፉ እዚሁ ልመልስ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፣ እንደ ጎማ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት መጥበሻውን በመለስተኛ እሳት አሙቁ፣ ፒዛውን ያለ ዘይት አስቀምጡና ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ ከፒዛው ጎን፣ መጥበሻው ላይ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጋችሁ ቶሎ ክደኑት። እንፋሎቱ ቺዙን ያቀልጠዋል፣ ሥሩ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ከሻይ ጋር።